የአባቴን በርኖስ ማን በላው? ከጥቅምት እስከ የካቲት የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

ሌሊቱን ደጅ ያደረው ባልዲ ጠዋት ስስ በረዶ ይዞ አገኘሁት። የጥቅምት ውርጭ ገብቷል። የአባቴን በርኖስ ለወንድሜ ላውጣለት ብዬ ሣጥኑን ከፈትኩ። አባታችን ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ሣጥኑ ከተዝካሩ ወዲህ አልተከፈተም። በርኖሱ ከጥቁር የመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ነው። ጠጉሩን በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ አክስቴ ፈትላዋለች፤ አባቴ ወጣት ሳለ የተሸመነ ስለሆነ በዕድሜ ይበልጠኛል።

መስኮቱ ላይ ዘርግቼ ሳየው ብርሃኑ በየቦታው ሾልኮ ዓይኔን ወጋኝ። 23 ቀዳዳ ቆጠርኩ። ትልቁ አንገትጌው ሥር ነው፤ አውራ ጣቴን ያሳልፋል። የትከሻው ሹል በደኅና ተርፏል። ጀርባው ላይ ደግሞ ገና ያልተቀደደ፣ ጠጉሩ ብቻ ተግጦ ድርና ማጉ የቀረበት ስፍራ አለ፤ በግ የጋጠው መስክ ይመስላል።

እናቴ አንዴ አየችውና «ብል ነው» ብላ ፊቷን አዞረች። ትንሽ ቆይታ «አራት ናፍታሊን አስቀምጬበት ነበር እኮ» አለች። የምትነግረው ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ ይመስል ነበር። ይህን ሥራ ለመጀመር የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው። ማን እንደበላው፣ ከየት እንደመጣ አጣራለሁ፤ በርኖሱንም እጠግነዋለሁ። በየቀኑ ባይሆንም የምሠራውን እዚህ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 5

ሣጥኑን ግቢ አውጥቼ በውስጡ ያለውን ሁሉ ነጭ አንሶላ ላይ አራገፍኩ። ከበርኖሱ ሌላ ሁለት ጋቢ፣ አንድ የፋብሪካ ብርድ ልብስ፣ አባቴ ይቀመጥበት የነበረ አጎዛ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ በማኅደሩ ያለ የብራና ዳዊት ወጣ። ከዚያ ማጉያ መነጽር ይዤ ተንበረከኩ።

አንሶላው ላይ የረገፈው በመጀመሪያ ሲያዩት የገብስ ገለፈት ይመስላል። ቀረብ ብዬ ሳየው እያንዳንዱ ገለፈት ቡናማ፣ ውስጡ ባዶ፣ ጠጉራም ነው። አንድ ፍጡር እያደገ ሲሄድ ያወለቀው ቆዳ ነው። በመካከሉ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ኩስ ተበትኗል። ትንሽ ቆይቶ ከገለፈቶቹ አንዱ መራመድ ጀመረ።

በወረቀት ጫፍ አነሳኋት። ርዝመቷ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከፊት ቀጠን፣ ከኋላ ሰፋ ትላለች። ጥቁር ቡናማና ፈዛዛ ቡናማ መስመር እየተፈራረቀ ወገቧን ይዞራል፤ መላ አካሏም በጠጉር ተሸፍኗል። በመርፌ ጫፍ ጀርባዋን ነካ ሳደርጋት ከኋላዋ ተጣጥፎ የነበረውን የጠጉር ጉንጉን እንደ ጃርት እሾህ አቁማ ዘረጋችው። ጉንጉኑ ወርቅማ ነው። ደጋግሜ ነካኋት፤ ደጋግማ አቆመች። ፀሐይ ሲያገኛት ግን ሌላውን ሁሉ ትታ ወደ በርኖሱ እጥፋት ሮጠች።

ይህች እጭ ነች። አድጋ የምትሆነው ጥንዚዛ ነው፤ የምንጣፍ ጥንዚዛ ሊባል ይችላል። የነፍሳት አጥኚዎች ወገኑን አንትሬነስ፣ ቤተሰቡን ዴርሜስቲዴ ይሉታል፤ ስሙ በግሪክኛ ቆዳ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ከዚሁ ወገን አንትሬነስ ቬርባስኪ ለሚባለው በዓለም ለተሠራጨው ዝርያ ስዊድናዊው ሊኔየስ ስም ያወጣለት በ1767 እ.ኤ.አ. ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ እኔ ራሴ እስከዛሬ ስቼ የኖርኩት ነገር ነውና። በአማርኛ ልብስ የሚበላውን ሁሉ ብል እንላለን። በዚህ አንድ ስም ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች አሉ። አንደኛው ትንሽ ወርቃማ የእሳት እራት ነው፤ እጩ ነጭ ትል ሆኖ ከአፉ በሚያወጣው ክር ድር ያደራል፤ የበላው ልብስ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ይተዋል። ሁለተኛው ይህ ጥንዚዛ ነው። እሱ ድር አያደራም፤ የሚተወው ገለፈቱን ነው። አንሶላው ላይ አንዲት ክር ድር አላገኘሁም። ስለዚህ የእኛ ቤት ብል ጥንዚዛው ነው፤ ልዩነቱም ለስም ያህል ብቻ አይደለም። ድር የሚያደራው ከበላበት ልብስ ብዙም አይርቅም፤ ይህኛው ግን ጠጉራም እግረኛ ነው፤ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወረ ይበላል። ሣጥኑን ብቻ አጽድቶ መቀመጥ አይበቃም ማለት ነው።

ጥቅምት 8

እናትየዋን አገኘኋት። ሳሎን መስኮት ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ ከጤፍ የምትበልጥ ከምስር የምታንስ ክብ ጥንዚዛ ትሄዳለች። በዓይን ግራጫ ነጥብ ናት። በማጉያው ግን ጀርባዋ ነጭ፣ ቡናማና ቢጫ በሆኑ ጥቃቅን ቅርፊቶች ተሸልሟል፤ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ይመስላል። ስነካት እግሮቿን ሰብስባ ሞተች። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ተነሥታ ጉዞዋን ቀጠለች።

ጥንዚዛዋ ጠጉር አትበላም፤ ምግቧ የአበባ ብናኝና ወለላ ነው። ጓሮ ወጥቼ የድንብላሉን ነጭ አበባ ስፈትሽ አምስት እኅቶቿን እዚያው ሲመገቡ አገኘሁ። ብርሃን ፈልጋ መስኮት ላይ የምትወጣው ብዙ ጊዜ እንቁላሏን ጥላ ከጨረሰች በኋላ ነው። እንቁላሏ እስከ አርባ ይደርሳል፤ የምትጥለውም ጨለማ፣ ጸጥ ያለና ለልጆቿ ምግብ ያለበት ስፍራ ፈልጋ ነው። እሷ የምትኖረው ሳምንታት ነው፤ እጯ ግን ከ7 ወር እስከ ወደ 2 ዓመት ድረስ እየበላችና ገለፈቷን እየጣለች ትቆያለች። ሦስት ዓመት ተዘግቶ የቆየ ሣጥን ለዚህ ዓይነት ኑሮ የተሠራ ቤት ነው።

እናቴ ጥንዚዛዋን በማጉያው አየቻትና «ይቺ ናት እንዴ? በየዓመቱ መስኮቱ ላይ አያታለሁ፤ ምንም አትመስልም» አለች።

ጥቅምት 10

ዛሬ አንድ የቆየ ጥያቄ ተመለሰ። እናቴ ባለፈው ክረምት ክንዷና አንገቷ ላይ የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ ወጥቶባት ነበር። ቁንጫ ነው ተባለ፤ ከዚያ ትኋን ነው ተባለ። አልጋው ሁለት ጊዜ መድኃኒት ተረጨ፤ አንድም ትኋን አልተገኘም። ከበግ ጠጉር የተሠራውን ዝተት ከአልጋው ግርጌ ያነሣነው መስከረም ላይ ነው፤ እከኩም ያን ጊዜ ተወ። ትናንት ዝተቱን ስናራግፍ ከ40 በላይ ገለፈት ወጣበት፤ ማታ የእኔም ክንድ አሳከከኝ።

እጯ አትናከስም፤ ደምም አትመጥም። የዚያ ወርቃማ ጉንጉን ጠጉሮች ግን ጫፋቸው የጦር ቅርጽ አለው፤ በቀላሉ ይነቀሉና ቆዳ ላይ ይሰካሉ። በገለፈቱም ላይ አሉ። ጉንዳን ሊበላት ሲመጣ የምትከላከልበት መሣሪያ ነው፤ የሰው ቆዳ ያገኘው በአጋጣሚ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሳራግፍ አፍና አፍንጫዬን በሻሽ እሸፍናለሁ፤ እጅጌዬንም እስከ አንጓዬ አወርዳለሁ። ያንን ሁሉ መድኃኒት የተኛንበት ፍራሽ ላይ መርጨታችን ያሳዝነኛል።

ጥቅምት 13

የማርማላታ ብርጭቆ አጥቤ ስድስት እጭ አስገባሁበት። አፉን በስስ ጨርቅ አስሬ የሚከተሉትን ቁራጮች አብሬ አኖርኩ፦ ከበርኖሱ አንገትጌ ከተበላው ጠርዝ የወጣ ያልታጠበ ቁራጭ፣ ከዚያው ጠርዝ በሳሙና የታጠበ ቁራጭ፣ ከአሮጌ ጋቢ ንጹሕ ጥጥ፣ ያው ጥጥ ወጥ የፈሰሰበት፣ ከፋብሪካው ብርድ ልብስ ጫፍ የተቆረጠ፣ እና ሁለት የሞቱ ዝንቦች። ብርጭቆው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆያል፤ በየሳምንቱ አየዋለሁ።

የፋብሪካው ብርድ ልብስ ከምን እንደተሠራ ስላላወቅኩ ክር መዝዤ ክብሪት ለኮስኩበት። ቀልጦ ጥቁር ዶቃ ሆነ፤ የፕላስቲክ ሽታ ሸተተ። ሰው ሠራሽ ነው። የዝተቱ ክር ግን ተጨማዶ ነደደ፤ አመዱ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል፤ ሽታውም የተቃጠለ ጠጉር ነው። ሽታው ኬራቲን በሚባለው ቁስ ውስጥ ካለው ድኝ የሚመጣ ነው። ጠጉር፣ ላባ፣ ቀንድ፣ ሰኮናና ጥፍር ሁሉ ኬራቲን ነው፤ ድኙ ክሮቹን እርስ በርስ ስለሚያስተሳስር ከእንስሳት ይህን መፍጨት የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው። ይህች እጭ ከጥቂቶቹ አንዷ ናት። ሌላው ፍጥረት ጥሎት የሚያልፈውን ማዕድ ብቻዋን ቀርባበታለች።

ጥቅምት 15

እናቴ «ውርጭ ይገድለዋል፤ እናታችን በርኖስ ደጅ ታሳድር ነበር» አለች። የአያቴን ዘዴ ሳልሞክር ማለፍ አልፈለግኩም። ሦስት እጭ በሌላ ብርጭቆ አድርጌ ሌሊቱን አጥር ላይ አሳደርኳቸው። ጠዋት አጠገባቸው የነበረው የሰሃን ውሃ ስስ በረዶ ሠርቶ ነበር። እጮቹም ተጠቅልለው ደርቀዋል። እናቴ ደስ አላት። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ብርጭቆውን ሲነካው አንዷ ተዘረጋች፤ አራት ሰዓት ላይ ሦስቱም ይሄዱ ነበር።

ያም ሆኖ አያቴ አልተሳሳተችም ብዬ አምናለሁ። በርኖስ ደጅ ሲያድር ጠዋት ይራገፋል፤ ቀን ፀሐይ ያገኘዋል፤ እጥፋቱም ይፈታል። እንቁላሉ ይረግፋል፤ እጯም ብርሃን ስለማትወድ ትሸሻለች። ሥራውን የሚሠራው ውርጩ ሳይሆን ማራገፉ ነው።

ጥቅምት 23

እጭና እንቁላሉን በሙቀት ልገድል ሣጥን ሠራሁ። ከ50 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት የቆየ ሙቀት እንቁላሉን ጨምሮ ይጨርሰዋል። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ቀን እንኳ ብርድ ብርድ ይላል፤ ፀሐዩ ግን ያቃጥላል። ወንድሜ አንድ ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ሣጥን ገጠመልኝ። ግድግዳው ድርብ ነው፤ በመካከሉ ጭድ ጠቅጥቀንበታል። ወለሉ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ የአሮጌ መስኮት መስታወት። ባለ ሽቦ ቴርሞሜትርም ተዋስኩ።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። በርኖሱን አራት ቦታ አጥፌ አስገባሁት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የሣጥኑ አየር 61 ዲግሪ ደረሰ፤ ቴርሞሜትሩን ወደ እጥፋቱ መሀል ሳስገባው ግን 38 ብቻ አለ። ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ፤ ከ41 አላለፈም። ስፈታው እጮቹ ሁሉ ወደ መሀሉ ተሰብስበው አገኘኋቸው። ለነገሩ በርኖስ የተሠራው ሙቀትና ብርድ እንዳያሳልፍ ነው፤ ያንን ረስቼ ነበር።

ጥቅምት 24

ዛሬ ሳላጥፈው፣ በሁለት ድርብ ብቻ ዘርግቼ፣ ግማሹን በአንድ ዙር ግማሹን በሌላ ዙር አስገባሁት። ከድርቡ መሀል የተለካው ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ከ53 በታች አልወረደም። ከ60 ሲያልፍ ጠጉሩ እንዳይደርቅና እንዳይሰባበር ክዳኑን በእንጨት ገለጥ አድርጌ አስተነፍሰው ነበር። ለማረጋገጫ ሦስት እጭ በስስ ጨርቅ ቋጥሬ ድርቡ ውስጥ አስገብቼ ነበር፤ ሦስቱም አልተንቀሳቀሱም። ሦስት ቀን እጠብቃቸዋለሁ።

ጥቅምት 27

አልተነሡም። ዝተቱንም በዚያው መንገድ ጨርሻለሁ። ከዚያ በርኖሱን በብሩሽ ጠርጌ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጠብኩት። የበግ ጠጉር በፈላ ውሃ ሲታሽ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ማሸት የለም፤ መጫንና መልቀቅ ብቻ። ከአንገትጌው የወጣው ውሃ የጠላ አተላ ይመስል ነበር። የአባቴ ላብና የራሱ ቅባት ነው። እጠበው አልጠበው ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ፤ ሽታው አብሮ እንደሚሄድ አውቃለሁና። ነገር ግን ትልቁ ቀዳዳ ያለው እዚያው አንገትጌው ሥር ነው። እጯ ንጹሕ ጠጉር ብትበላም ላብ፣ ቅባትና ሽንት የነካውን አስበልጣ ትመርጣለች፤ ለዕድገቷ የሚያስፈልጋትን ከጠጉሩ ብቻ አታገኝም።

ጥቅምት 29

ዳዊቱና አጎዛው ቀርተዋል። ብራና ሙቀት ሲነካው ይኮማተራል፤ ፀሐይ ሣጥን ውስጥ አይገባም። ብራናም ቆዳ ስለሆነ ለዚህ ቤተሰብ ምግብ ነው። የማኅደሩ ጠርዝ ሁለት ቦታ ተግጧል፤ ቅጠሎቹን ግን እግዚአብሔር ጠብቋቸዋል፤ ሁለት ገለፈት ብቻ በመሀላቸው አገኘሁ። በለስላሳ ብሩሽ አራግፌ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ አሸግኩት። አጎዛውንም እንዲሁ። ጎረቤታችን ሱቅ ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚደርስ ፍሪዘር አለ። ባለሱቋን «እትዬ፣ ዳዊት ለሁለት ሳምንት ያሳድሩልኛል?» ስላቸው መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው በአንዱ ጥግ ያለውን ሥጋ ሁሉ አንሥተው ቦታውን በጨርቅ ወለወሉልኝ። «ዳዊት ከሥጋ ጋር አይቀመጥም» አሉ።

ኅዳር 6

መብራት ከትናንት ማታ ጀምሮ 14 ሰዓት ጠፋ። ዳዊቱ ፍሪዘር ከገባ ሰባት ቀን ሆኖት ነበር። ቅዝቃዜው ላልቶ ከሆነ እንቁላሉ ሊተርፍ ስለሚችል ቆጠራውን ከአንድ ጀመርኩ። ኅዳር 20 ይወጣል። ከወጣ በኋላ ፕላስቲኩ ቶሎ አይፈታም፤ አንድ ቀን ሙሉ በክፍል ሙቀት ይቆያል፤ አለዚያ ጤዛ ብራናው ላይ ይወርድና ቀለሙን ያበላሻል።

ኅዳር 11

ምንጩን አገኘን!

ሣጥኑ የነበረበትን ጓዳ ሳጸዳ ግድግዳው ሥር አዲስ ገለፈት ደጋግሞ ይረግፍ ነበር። ጠርጌ በማግስቱ ስመለስ እንደገና ሦስት አራት አገኛለሁ። ወለል ላይ ያለ ነገር በሌሊት ከየት ይመጣል ብዬ ሳስብ ቀና አልኩ። ቤታችን ጭቃ ቤት ነው፤ ኮርኒሱ በኖራ የተቀባ አቡጀዲ። ከሣጥኑ ቦታ በላይ፣ አቡጀዲው ከግድግዳው በሚገናኝበት፣ ሦስት ጣት የሚያህል ቅድ አለ።

ወንድሜ መሰላል ላይ ወጥቶ በእጅ ባትሪ አየ። ከቆርቆሮው ሥር፣ ማገሩ ላይ፣ የድንቢጥ ጎጆ ተደራርቧል። ወፎቹ የዓመቱን ልጆቻቸውን አሳድገው ሄደዋል። ጎጆውን በአንሶላ ተቀብለን አወረድነው። ላባ፣ ደረቅ ሣር፣ ወፎቹ ከየአጥሩ የለቀሙት የበግ ጠጉር፣ አንድ የደረቀ ጫጩት። እጭ እስከ 31 ቆጥሬ ተውኩት፤ የቀረው ከዚያ ይበልጣል። ኮርኒሱ ላይ ደግሞ ለዓመታት የሞቱ ዝንቦች ተከምረዋል። አንዷን ዝንብ በማጉያ አየኋት፤ ክንፏና እግሯ አለ፤ ሆዷ ግን ተቦርቡሮ ባዶ ቀፎ ሆኗል።

ይህ ጥንዚዛ ሰው ቤት ከመሥራቱና በግ ከማርባቱ በፊት የኖረው በወፍ ጎጆና በሞተ እንስሳ ላይ ነው። ለእሱ የአባቴ ሣጥን ሌላ ጎጆ ነበር። ሣጥኑን እዚያ ያስቀመጥነው ደግሞ ከተዝካሩ በኋላ፣ ማንም እንዳይነካው ብለን ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ በርኖሱ በር አጠገብ ችንካር ላይ ይውል ነበር፤ በየጠዋቱ ይወርዳል፣ ይራገፋል፣ ብርድና ፀሐይ ያገኘዋል፣ ማታ ይመለሳል። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀዳዳ አልነበረውም። ወደን ስንቆልፍበት ነው የተበላው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝብ ከጨረሰ ወዲህ በዚህ ቀን ቤትና ግቢ ተጠርጎ ቆሻሻው ይቃጠላል። ከሰፈሩ ሁሉ ጢስ ይወጣ ነበር። እኛም ጎጆውን፣ ከኮርኒሱ የተጠረገውን ዝንብና የሣጥኑን ጥራጊ እሳት ውስጥ ጨመርን። እናቴ ቆማ አየች፤ ሲነድ የሸተተው ያው የጠጉር ሽታ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወንድሜ በቆርቆሮው ጠርዝ ያለውን ክፍተት በወንፊት ሽቦ ዘጋው፤ አቡጀዲውንም ሰፋሁት።

ስለ ናፍታሊኑም እዚሁ ላንሣ። ናፍታሊን የሚገድለው ትነቱ በታሸገ ነገር ውስጥ ሲታመቅ ነው። የእኛ ሣጥን ክዳኑ ስለማይገጥም አራቱ ፍሬዎች በወራት ውስጥ ተነው አልቀዋል፤ ሽታውን ስንተነፍስ የከረምነው እኛ ነን። ልጅ ከረሜላ መስሎት ቢውጠውም የደም ሕዋስ የሚሰብር መርዝ ነው። የወንድሜ ልጆች እዚህ ስለሚያድሩ ከዚህ በኋላ ቤታችን አይገባም። ሣጥኑ የጥድ ነው፤ ያ ደግሞ ተማምነንበት የነበረ ሌላ ነገር ነው። የጥድ ሽታ ለዚህ ጥንዚዛ እዚህ ግባ የሚባል መከላከያ አይደለም፤ የአሮጌ ጥድ ሽታ ደግሞ ጭራሽ ጠፍቷል።

ታኅሣሥ 2

የብርጭቆው ሰባተኛ ሳምንት። ያልታጠበው የአንገትጌ ቁራጭ ግማሹ የለም። የታጠበው አንዱ ጠርዙ ብቻ ተግጧል። ንጹሑ ጥጥ ክሩ ሳይነካ እንዳለ ነው፤ ወጥ የነካው ጥጥ ግን ልክ በነጠብጣቡ ላይ ተበልቶ ሳስቷል። የፋብሪካው ብርድ ልብስ አልተነካም። ዝንቦቹ ቀፎ ሆነዋል። ከስድስቱ እጮች አምስቱ በሕይወት አሉ፤ ስምንት ገለፈት ቆጠርኩ።

ለእናቴ ሳሳያት ነጠብጣብ የነበረበትን ጥጥ ረጅም ጊዜ አየችው። ማታ ከቁም ሣጥኗ የተቀመጡትን የበዓል ነጠላዎች ሁሉ አውጥታ ለነገ እጥበት ዘፈዘፈች።

ታኅሣሥ 19

ክር ፍለጋ በጣርማ በር አድርጌ ወደ መንዝ ሄጄ ነበር። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ አለፈ። አክስቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ እንዝርት ሲይዙ ግን አይናገሩም፣ አይስቱም። በርኖሱን ሳሳያቸው በመዳፋቸው ዳበሱትና «የእኔ ፈትል ነው» አሉ። ስለ ብሉ ስነግራቸው «እኛስ ምን ሣጥን ነበረን? ያለን ያው የምንለብሰው ነው፤ ብል መቼ ይደርስበታል» አሉኝ።

ጥቁር ጠጉር በደጋን ነድፈው ሁለት ልቃቂት ፈተሉልኝ። አዲሱ ክር እንደ ከሰል የጠቆረ ነው፤ አሮጌው በርኖስ ፀሐይ አይቶ ወደ ቡናማ አድልቷል። ይመሳሰል ብዬ ቀለም ልነክረው አስቤ ነበር፤ አክስቴ ከለከሉኝ። «የተጠገነ ልብስ ቢታወቅ ምን አለበት?»

ጥር 9

ከጥር 1 ጀምሮ ማታ ማታ ስጠግን ቆይቼ ዛሬ ጨረስኩ። አሠራሩ ሽመና በመርፌ ነው። ከቀዳዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ አንድ ጣት ያህል ገብቼ፣ ደኅና ከሆነው ክር ጀምሬ፣ መጀመሪያ ድሩን ከላይ ወደ ታች እዘረጋለሁ፤ ከዚያ ማጉን አንዱን ከላይ አንዱን ከሥር እያሳለፍኩ እሞላለሁ። ክሩ ሲጠብቅ ዙሪያው ይጨማደዳል፤ ሲላላ ይንዘላዘላል። በመጀመሪያዎቹ አራት ቀዳዳዎች አጥብቄ ነበር፤ ፈትቼ ደገምኳቸው። የአንገትጌው ብቻ ሁለት ምሽት ፈጀ። የተጋጠውን ጀርባ አልነካሁትም፤ ድርና ማጉ ጠንካራ ስለሆነ ይሸከማል።

ጥር 11

ወንድሜ በርኖሱን ለብሶ ታቦት ሸኘ። እናቴ ከኋላ ከኋላው ሄደች።

የካቲት 9

ፍተሻ። ጓዳው ውስጥ ከገና ወዲህ አንድም ገለፈት አልረገፈም። መስኮት ላይ ሁለት ጥንዚዛ አገኘሁ፤ ከአበባ የመጡ ይሁኑ ከቤት የቀሩ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ በየወሩ መፈተሼን አላቆምም። ዳዊቱ ከፍሪዘር በደኅና ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ነው፤ እናቴ በየሳምንቱ ትገልጠዋለች። ሣጥኑ ተጠርጎ፣ ስንጥቁ በሰም ተደፍኖ፣ ጋቢዎቹ ታጥበው ገብተውበታል። በርኖሱ በር አጠገብ ወዳለው ችንካሩ ተመልሷል።

ብርጭቆው ውስጥ ካሉት አንዷ ፑፓ ወደሚባለው ደረጃ ገብታለች፤ የመጨረሻ ገለፈቷን ሳትጥለው እንደ ብርድ ልብስ ለብሳው ተኝታለች። ጥንዚዛ ሆና ስትወጣ አይቼ ብርጭቆውን ፀሐይ ሣጥኑ ውስጥ እከተዋለሁ።

ዝተቱ ይቀራል። ዘጠኝ ቀዳዳ አለው፤ ከአክስቴ ክር የተረፈኝ አንድ ልቃቂት ተኩል ነው። ነገ ማታ ከትንሹ እጀምራለሁ።